ፑቲን «ኒውክለር» ሲሉ እኛ ለምን እናጨበጭባለን?

የሩሲያው ፕሬዚዳንት ቭላድሚር ፑቲን ስለ ኒውክለር አንዲት ቃል በተነፈሱ ቁጥር ጉለሌ ውስጥ ደስ የሚለው ሰው አይጠፋም። ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ ታክሲ ውስጥም ጀበና ቡና ላይም «አሁን ገና ወንድ ገጠማቸው!» የሚል ይገኛል። «ታዲያ ምን ይጠብቃል? አይለቀውም?» የሚልም አለ። አነጋገሩ የቧንቧ ውሃ ስለ መልቀቅ እንጂ አንድ ከተማ ከነሰዉ ስለ ማጥፋት አይመስልም።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመዝለፍ አይደለም። ሰዎቹ አብሬያቸው ቡና የምጠጣ፣ ለቅሶ የምደርስ ጎረቤቶቼ ናቸው። ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞርም አለባቸው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ከዚህ ማስፈራሪያ ውስጥ የሚጣፍጠን ምኑ ነው?

ነገሩ ከተጀመረ ቆየ። የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. የሩሲያ ጦር ዩክሬን ሲገባ ፑቲን ጣልቃ የሚገባ ካለ በታሪኩ ገጥሞት የማያውቅ ነገር እንደሚጠብቀው ተናገሩ። በሦስተኛው ቀን የኒውክለር ኃይላቸው በልዩ ተጠንቀቅ እንዲቆም አዘዙ። መስከረም 11 ቀን 2015 ዓ.ም. 300 ሺህ ተጠባባቂ ጦር ሲጠሩ ደግሞ የምናገረው ለማስፈራራት ያህል አይደለም አሉ። ከዚያ ቤላሩስ ውስጥ ታክቲካል ኒውክለር ማስቀመጥ መጣ። ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ መሣሪያውን ለመጠቀም የሚፈቅደውን ሁኔታ የሚያሰፋ አዲስ ሰነድ ፈረሙ።

በጦርነቱ መጀመሪያ ሰሞን አውሮፓ ውስጥ የአዮዲን ኪኒን ፍለጋ ፋርማሲ የሚመላለስ ሰው ነበር። እኛ ሰልፍ የወጣነው ለዘይት ነው። በሱፍ ዘይት ኤክስፖርት ዓለምን የሚመሩት ሁለት አገሮች እርስ በርስ ሲዋጉ የእኛ ድስት ወዲያው ሰማው። ትልልቆቹ ሴቶች «ስምንተኛው ሺህ ነው» ብለው አማተቡ። ወጣቶቹ ቀለዱ፤ ሚሳይሉ እንጦጦን ሲያይ ዳገቱን ፈርቶ ይመለሳል አሉ። በእውነት ፈርቶ ያየሁት ሰው ግን ትዝ አይለኝም። የራሱን ጦርነት እየኖረ የነበረ አገር የሰው ጦርነት እንዴት አድርጎ ያስፈራዋል? በዚያው ዓመት ሰሜኑ እየነደደ ነበር። የአፍሪካ ኅብረቱ አደራዳሪ ኦባሳንጆ በኋላ እንደገመቱት እስከ 600 ሺህ ሰው ሳይሞትበት አልቀረም። ለዚያ ሁሉ ሞት አንድም አቶም አላስፈለገም።

አለመፍራቱ ይገባኛል። ደስታውን ነው የምጠይቀው።

ከፊሉ የቆየ ፍቅር ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ቁስለኞቻችንን ሊያክሙ መጥተዋል። ስማቸው ደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል ላይ ዛሬም አለ። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሐረርን ሲያስጨንቅ በአየርና በባሕር ታንክና መድፍ ያራገፈችልን ሶቪየት ኅብረት ናት። ሃይማኖቱም አለ፤ «ኦርቶዶክስ ናቸው» ሲባል ነገሩ ያለቀ የሚመስለው ብዙ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። «ራሺያ ተማረ» ከምንላቸው አባቶች ውስጥ ቀላል የማይባሉት የተማሩት ኪየቭ፣ ካርኪቭና ኦዴሳ ነው። ስሙን ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው አንቶኖቭ አውሮፕላንም የተነደፈው ኪየቭ ነው። የሶቪየትን ውለታ ሁሉ ለሩሲያ መዝግበን ዩክሬንን ከደብተሩ ፍቀናታል።

ዋናው ግን ቁጭቱ ይመስለኛል። ኅዳር 2014 ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚያወጣው መንገድ፣ የአሜሪካ ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ሰልፍ ነበር። ስለ ሰሜኑ ጦርነት እንደየሰዉ የተለያየ ሐሳብ አለ፤ እዚያ ውስጥ አልገባም። ነገር ግን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታስወጣ ዋጋውን የከፈሉት ጦርነቱን ያወጁት ሰዎች አይደሉም። ሸሚዝ እየሰፉ ለእናታቸው ብር የሚልኩ ልጆች ናቸው። በዚያው ጊዜ ጸጥታው ምክር ቤት ውስጥ ሩሲያና ቻይና ሲሟገቱልን አየን። ስለዚህ ሁለት ወር ቆይቶ ፑቲን እነዚያኑ ሰዎች ሲያስደነግጡ ብዙው ሰው የገዛ ስድቡ የተመለሰለት ያህል ተሰማው። የሚጣፍጠው እሱ ነው፤ የናቀን ሲደነግጥ ማየት።

ስሜቱ ምን ድረስ እንደሚያስኬድ በሚያዝያ 2014 ታየ። ቀበና ባለው የሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ተሰለፉ። ለሩሲያ የሚዋጋ ይመዘገባል፣ ክፍያውም በዶላር ነው የሚል ወሬ ነበር። ብዙዎቹ የውትድርና ማስረጃቸውን በፌስታል ይዘው ነው የመጡት። ኤምባሲው ወታደር እንደማይመለምል፣ ሰዎቹ የመጡት አጋርነታቸውን ለመግለጽ እንደሆነ አስታወቀ። ከእኛ መንገድም አንድ ልጅ ሄዶ ነበር። ሥራ ካጣ የቆየ፣ ሽሮ ሜዳ ዘመዱ ሸማ ከሚሸጥበት ሱቅ የሚውል ልጅ ነው። ማታ ሲመለስ «የማን ጦርነት እንደሆነ አውቀህ ነው?» አልኩት። «የሚከፍል ሰው ጦርነት ነዋ፣ ጋሼ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

የደጋፊዎቹን ትልቁን ክርክርም ልዝለለው አልፈልግም። ፀጉሬን የሚያስተካክለኝ ልጅ እንዲህ ይላል፦ «በሰው ላይ ኒውክለር የጣለች አንዲት አገር አሜሪካ ናት። ጥላ ማን ጠየቃት?» እውነቱን ነው። ሂሮሺማና ናጋሳኪን ያቃጠለ አገር ስለ ኃላፊነት ሲያስተምር ጆሮ ይኮሰኩሳል። ግን ይህ ክርክር ክብደት የሚያገኘው የሂሮሺማ ሰው ሞት ግፍ ነው ካልን ብቻ ነው። ግፍ ነው ካልን ደግሞ የኦዴሳን ሰው በዚያው ለማስፈራራት ልንጠቀምበት አንችልም።

ደግሞም ማስፈራሪያ ሥራውን የሚሠራው በሚተኮሰው ብቻ አይደለም፤ በሚያስቀረውም ነው። ለዩክሬን ታንክ ይሰጥ አይሰጥ፣ ተዋጊ ጄት ይሂድ አይሂድ፣ የረጅም ርቀት ሚሳይል ይፈቀድ አይፈቀድ እየተባለ ወራት የተቆጠሩት በብዙ ምክንያት ነው። አንዱ ግን ይህ ፍርሃት ነው። በእነዚያ ወራት የሞተ ሰው በኒውክለር የሞተ ተብሎ አይቆጠርም።

ይህን አሠራር ከእኛ በላይ ማወቅ የነበረበት ማን አለ?

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር መረብን ሲሻገር የመንግሥታቱ ማኅበር ኢጣልያን ወራሪ ብሎ ፈረደባት፤ የንግድ ማዕቀብም ጣለባት። ከማዕቀቡ ውስጥ ግን ነዳጅ አልነበረም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ያለ ነዳጅ አውሮፕላን እንደማይነሣ፣ ካሚዮን እንደማይንቀሳቀስ ሎንዶንም ፓሪስም ያውቁ ነበር። ሙሶሊኒ ግን ነዳጅ ከታገደብኝ ጦርነት ነው የሚል መልእክት አስተላለፈ። አመኑት፤ ወይም ማመኑ ተመቻቸው። እነሱ ነገ ዛሬ ሲሉ ከታኅሣሥ ጀምሮ በተከዜ ግንባር የመርዝ ጋዝ መጣል ጀመረ። ኢጣልያ ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ስምምነት (እ.ኤ.አ. ነው) ፈርማ ያጸደቀች አገር ነበረች። ከማይጨው የተመለሰው ሠራዊት አሸንጌ ሐይቅ ዳር ደረሰበት። ከወረራው ሦስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1931፣ መንዝ ዘረት ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ በጋዝ ታፈኑ። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙን ስለ መጠቀሙ በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ ስልሳ ዓመት ቆይቶ።

እ.ኤ.አ. በ1938 ሙሶሊኒ ለሂትለር ምን እንዳለው የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ፓውል ሽሚት ጽፏል። ማዕቀቡ ነዳጅን ቢጨምር ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከሐበሻ ምድር ለቅቄ እወጣ ነበር ብሎታል። በሳምንት! አምስት ዓመት የተዋደቅነው፣ የካቲት 12 አዲስ አበባ በደም የታጠበችው፣ ሌሎች ሰዎች ያንን ማስፈራሪያ ስላመኑ ጭምር ነው።

አዲሱ ገበያ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉኝ። አባታቸው ከማይጨው ዘማቾች ነበሩ። የአባታቸው ጀርባ እንደ ተላጠ ባሕር ዛፍ እንደ ነበረ፣ ልጅ ሆነው ቅቤ ይቀቡላቸው እንደ ነበር ነግረውኛል። እኚሁ ሰው የፑቲን አድናቂ ናቸው። አንድ ቀን «አባትዎን ያቃጠለው ሰውዬም እኮ እንዲሁ ይዝት ነበር» ብላቸው «እሱ ሌላ ነው፤ እሱ የመጣው በእኛ ላይ ነው» አሉኝ። የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር አልተናገሩም፤ እኔም አልጨመርኩበትም።

ሁለቱ ነገሮች አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። ሙሶሊኒ አውሮፓን የሚያነድድ ቦምብ አልነበረውም፤ ፑቲን ግን በሺዎች የሚቆጠር አላቸው። ያኔ የፈሩት ሰዎች ፈሪዎች ነበሩ ማለት ይቀላል። ዛሬ የሚፈሩትን ግን ሞኝ ማለት አልችልም። ባይደን ወይም ማክሮን በአንድ ምሽት ምን ማድረግ ነበረባቸው ብትሉኝ አላውቅም። የማውቀው በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኛ ወንበር የትኛው እንደሆነ ነው። እኛ ወረቀት አምኖ የቀረው ወገን ነን። ዩክሬንም እ.ኤ.አ. በ1994 ቡዳፔስት ላይ ድንበርሽ ይከበራል የሚል ወረቀት ተቀብላ ከሶቪየት የወረሰችውን ኒውክለር አስረክባለች። ከፈራሚዎቹ አንዷ ሩሲያ ነበረች።

ይህንን ቀድመው የተረዱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ብዙ ሰው የማያውቀው ታሪክ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ጥቅምት 20 ቀን 1954 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት በአርክቲክ ደሴት ላይ ሃምሳ ሜጋቶን የሚያህል፣ ሰው ከሠራው ሁሉ የሚበልጥ ቦምብ አፈነዳች። ሃያ አምስት ቀን ቆይቶ፣ ኅዳር 15 ቀን፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኢትዮጵያ አነሳሽነት የቀረበ የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ። ቁጥሩ 1653 ነው። ኒውክለር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር መጣስ፣ በሰው ልጅና በሥልጣኔ ላይም ወንጀል መፈጸም ነው ይላል። መግቢያው ላይ ቀድሞ ከታገዱት መሣሪያዎች ጋር የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ይጠቅሳል፤ ያንን፣ በእኛ ቆዳ ላይ የተጣሰውን። 55 አገሮች ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከተቃዋሚዎቹ ነበሩ። ሶቪየት ኅብረት ደግፋለች። በዚያ ቀን አሜሪካን የተቃወመችው ኢትዮጵያ የማንንም ቦምብ አላወደሰችም። ምዕራባውያንን መቃወም እንዲህም ይቻል ነበር።

ከዚያ ስልሳ ዓመት አለፈ። ጠቅላላ ጉባኤው የዩክሬንን ወረራ የሚያወግዝ ውሳኔ ላይ ድምፅ ሰጠ፤ መግቢያው የሩሲያ ኒውክለር ኃይል በተጠንቀቅ እንዲቆም መደረጉንም ያወግዛል። ቀኑ እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 2022 ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23፣ የዐድዋ በዓል። 141 አገሮች ደገፉ፤ ጎረቤታችን ኬንያ አንዷ ናት። አምስት ተቃወሙ፤ ጎረቤታችን ኤርትራ አንዷ ናት። ኢትዮጵያ ግን ድምፅ አልሰጠችም፤ በተአቅቦውም ውስጥ የለችም። ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ ጸጥታው ምክር ቤት ላይ የተዋለው ውለታ፣ ሁሉም ይገባኛል። ደሃ አገር ሁልጊዜ የልቡን አይናገርም። እኛ ግን አምባሳደር አይደለንም። ጀበና ቡና ላይ የሚያስገድደን ማን ነው?

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት ጉለሌ እንደ ልማዷ በጭስ ታፍና ነበር። ኅዳር ሲታጠን ነው፤ በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን የጨረሰው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ። በዚያው ንጋት ሩሲያ ኒውክለር መሸከም የሚችል ኦሬሽኒክ የተባለ አዲስ ሚሳይል ዲኒፕሮ ከተማ ላይ ተኮሰች። ያ ቀበና የተሰለፈው ልጅ በራፍ ላይ ቆሞ ቪዲዮውን አሳየኝ፤ ከደመና ውስጥ የብርሃን ዘንግ ተራ በተራ ይወርዳል።

«ባዶውን ነው የላኩት አሉ» አለኝ።

«ለምን ባዶውን?»

«ለማሳየት ነዋ።»

«ለማን?»

ስልኩን ዝቅ አድርጎ ሊመልስልኝ ሲል እናቱ ከግቢ ተጣሩ፤ ቆሻሻው በደንብ አልነደደም፣ ደረቅ ቅጠል ያምጣ።