የጧቱ የመጀመሪያ እርምጃ

አንባቢ ሆይ፤ በቤትህ ክትፎ ሲዘጋጅ አይተህ እንደ ሆነ፥ ከሥጋው ላይ አንድ ነጭ ስስ ሽፋን በቢላዋ እየተገፈፈ ለድመት ሲጣል ሳታስተውል አልቀረህም። እኔም ተረከዜ እስኪያስተምረኝ ድረስ ያን ሽፋን ከንቱ ነገር አድርጌ እገምተው ነበር። ሐኪሞች ፋሺያ ይሉታል፤ በእኛም ገላ ውስጥ ጡንቻን ሁሉ ይጠቀልላል፤ ነርቭም ስላለበት ሲጎዳ ያማል።

እኔ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው መዝገብ ተሸክሜ ቀኑን ሙሉ የምመላለስ ትንሽ ጸሐፊ ነኝ፤ የጫማዬም ሶል ያለቀ ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ጧት ከአልጋዬ ወርጄ መሬት ብረግጥ፥ ተረከዜን በምስማር የተወጋሁ መሰለኝ። ጥቂት ስራመድ ሻል ይለኛል፤ ቁጭ ብዬ ስነሣ ደግሞ ይመለሳል። አለቃዬ ጧት ሳነክስ፥ ረፋዱ ላይ ግን ደኅና ስሄድ አይቶ «ሕመምህም ከአምስት ሰዓት በኋላ ፈቃድ ይወጣል እንዴ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን እንጀራዬ በእግሬ ነውና ሌሊቱን ሳስብ አደርሁ።

አንድ ክሊኒክ ቁርጥማት ነው ብሎ ክኒን ሰጠኝ፤ አልረባኝም። በኋላ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ተረከዜን በአውራ ጣቷ ተጭና ሕመሙን ካለበት አገኘችው። ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚደርስ ጠንካራ ፋሺያ አለ፤ የውስጥ እግርን ቅስት እንደ ደጋን አውታር ወጥሮ ይይዛል። ሂክስ የተባለው ሐኪም በ1954 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፥ ስንራመድ ጣቶቻችን ወደ ላይ ሲታጠፉ ይህ አውታር ይጠብቅና ቅስቱን ያነሣዋል። ያለ ዕረፍት ሲሳብ ከተረከዙ ጋር በተያያዘበት ላይ ይጎዳል። ሌሊቱን ዘና ብሎ ያደረው ጧት ድንገት ሲወጠር ያማል። ለካስ የአለቃዬ ቀልድ ሳያውቀው የበሽታው ዋና ምልክት ኖሯል!

ያሳየችኝ ይህን ነው። መሬት ሳትረግጥ በፊት አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀመጥ፤ የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ አድርገህ ጣቶችህን ወደ ቅልጥምህ ሳብ፤ እስከ 10 ቁጠርና ልቀቅ። ይህን 10 ጊዜ ደጋግም፤ በቀንም 3 ጊዜ። እንዲህ ያለው ጉዳት ለመዳን ወራት ይወስዳል። እኔማ በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጬ ልተወው ነበር።

ዛሬ አምስተኛ ወሬ ነው። ባለፈው ሰኞ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ሳላነክስ ሄድሁ፤ በአዲስ ጫማ። የጫማውን ገንዘብ ያበደረኝ ያው አለቃዬ ነው።