ስለ ጭልሞ ደንና ስለ በዓል ሽርሽር

በሥራ ብዛት የደከመ ሰው በበዓልና በዕረፍት ቀን ቤቱን ዘግቶ ከሚውል ይልቅ ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋራ ወደ ገጠር ወጥቶ ንጹሕ አየር ቢቀበል፤ ለሰውነቱ ጤና ለመንፈሱም ደስታ ይሆንለታል። ባሕር ባለበት አገር የሚኖሩ ሰዎች ቀኑን በባሕር ዳር ሲዋኙና ሲንሸራሸሩ ውለው፤ ማታ በመንደሩ መጠጥ ቤት ተሰብስበው ይጫወታሉ። እኛ ደገኞች ግን በባሕሩ ፈንታ ደንና ምንጭ፤ በመጠጥ ቤቱም ፈንታ ጠጅ ቤት አለን። ሁለቱንም በአንድ ቀን ለማግኘት ለሚሻ ሰው ጭልሞ የተመቸ ስፍራ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታና በአዲስ ዓለም በኩል ወደ አምቦ የሚሄድ መንገደኛ፤ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ከግንጪ ከተማ ይደርሳል። ጭልሞ ከግንጪ በስተሰሜን በደንዲ ወረዳ የሚገኝ ተራራማ ደን ነው፤ ከፍተኛው ስፍራ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ነው። ብርዱ ስለሚጸና ጋቢና ጠንካራ ጫማ አይረሳ። የአገሩን ጸጥታና የመንገዱንም ሁኔታ አስቀድሞ ጠይቆ መነሣት የአስተዋይ አባወራ ተግባር ነው።

ከደኑ ውስጥ ጥድና ዝግባ፤ ወይራና ጥቁር እንጨት እርስ በርሳቸው ተቃቅፈው ቆመዋል። ልጆችን ከሁሉ አብልጦ ደስ የሚያሰኛቸው ጉሬዛ ነው። ጥቁርና ነጭ ጠጕሩን እንደ ካባ አንዘርፎ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል ማየት እጅግ ያስደንቃል። ምግቡ ከሁሉ ይልቅ ቅጠል ነው፤ በእጁም ላይ እንደ እኛ ያለ አውራ ጣት የለውም። ይህን ለልጆች አሳይቶ ማስረዳት ከመጽሐፍ ትምህርት የማያንስ ጥቅም አለው።

ከዚሁ ደጋ የሚወርዱ ምንጮች ከአዋሽ ወንዝ መነሻዎች መካከል ናቸው። እዚህ ሕፃን ተራምዶ የሚሻገረው ውሃ ወደ ታች እየሰፋ ሄዶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀውን የቆቃን ግድብ ይሞላል፤ የመተሐራንም ሸንኮራ ያጠጣል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላም ከባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ይቀራል።

ሽርሽሩ ካለቀ በኋላ መንገደኛው ወደ ከተማ ወርዶ ብርሌ ቢያነሣ የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን ጠጁ ከየት እንደ መጣ ማሰብ ይገባዋል። የደጋው ገበሬ ቀፎውን ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ክረምቱ አልፎ ምድር በአበባ ስትሸፈን ንቦቹ ይሠራሉ፤ በጥቅምትና በኅዳርም ማሩ ይቈረጣል። ባለሙያዋ እመቤት ጋኗን በወይራ ጭስ አጥና አንዱን እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ ያህል ትበጠብጣለች፤ ጌሾም ጨምራ እስኪበስል ትጠብቃለች። እንግዲህ ማሩም፤ ጋኑን የሚያጥነው ወይራም የዛፍ በረከት ናቸው። ዛፉ ቢወድቅ ብርሌው ባዶ ይቀራል ማለት ነው። የሚጠጣም ሰው በልክ ይጠጣ፤ መኪና የሚነዳውም ከነጭራሹ ይተው፤ ልጆቹን በደኅና ወደ ቤታቸው የሚመልስ እርሱ ነውና።

የጭልሞ ደን ከጥንት ስፋቱ እጅግ ተቀንሷል፤ ለማገዶ፤ ለሳንቃና ለእርሻ ብዙው ተመንጥሯል። ስለዚህ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ባመጣው ዘዴ፤ የአካባቢው ነዋሪዎች ማኅበር አቁመው ደኑን ከመንግሥት ጋራ በኅብረት እንዲጠብቁና በልክ እንዲጠቀሙ ተደርጓል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ የደኑና የከተማይቱ መጫወቻ ሜዳ ጉዳይ የግንጪን ተማሪዎች ለተቃውሞ አስነሥቷል፤ ተቃውሞውም ከዚያ ተነሥቶ በኦሮሚያ ብዙ ስፍራ ተዳረሰ። ከዚህም ነዋሪው ደኑን እንደ ርስቱ እንደሚያየው ማስተዋል ይቻላል።

ጊዜ የተረፈው ቤተ ሰብ ጉዞውን ወደ አምቦ ቢቀጥል፤ ከምድር የሚፈልቀውን ጋዝ ያለበትን ውሃ ከምንጩ አገር ይቀምሳል።

እኛ እንግዶች በአንድ ቀን መጥተን በአንድ ቀን እንመለሳለን፤ የአገሩ ሰው ግን ከዛፉ ጋራ ይኖራል። ስለዚህ እሳት ያነደደ አጥፍቶ ይነሣ፤ ላስቲክና ጠርሙስ ይዞ የሄደ ይዞ ይመለስ፤ የሚገዛም ሰው ከሰል ትቶ ማር ይግዛ። ገበሬው ከቆመው ዛፍ ገንዘብ ካገኘ፤ ምሳሩን የሚያነሣበት ምክንያት ይቀንሳልና።