ውሃ ልክ

ሦስት ነን፤ የምንከራየው ከግቢው ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ነው። አንዳችን ታሪክ፣ አንዳችን ቋንቋ፣ አንዳችን ፍልስፍና እናጠናለን። ከመካከላችን ሚስማር በቅጡ የሚመታ አንድም ሰው የለም። ይህን አስቀድመን የምንናገረው ስለ ዓሣ ገንዳ መቀመጫ ስናወራ አንባቢ እንዳይስቅብን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማማ የምንላቸው የቤቱ ባለቤት ልጃቸው ዓረብ አገር ሲሄድ ሁለት ወርቃማ ዓሦች ከነመስታወት ገንዳቸው «አደራ» ብሎ ትቶላቸዋል። ከሄደም በኋላ መጀመሪያ በላከው ገንዘብ ቡፌ ገዙ። ገንዳው ወለሉ ላይ ነበር። «የልጄ ዓሣ ከእንግዳ እግር ሥር ምን ያደርጋል?» አሉና አንድ ቅዳሜ እኛን ጠርተው ቡፌው ላይ አስወጡት። ውሃውን በጆግ እየቀዳን ሞላነው። አማረ። ቡና ተፈላ፤ ተመረቅን።

ማታ ለጨዋታ ያህል ሂሳብ ሠራን። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር፤ እስከ አፉ 54 ሊትር ይይዛል። አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ አንድ ኪሎ ነው። ትንሽ ጎደል ቢል እንኳ ከመስታወቱና ከጠጠሩ ጋር 60 ኪሎ ገደማ ይሆናል። «እንዴ! አንድ ሰው ቡፌው ላይ ወጥቶ ቀንም ሌሊትም ሳይወርድ ተቀምጧል ማለት ነው» አለ አንዳችን። ሳቅን። ቡፌው ግን ቺፕውድ ነው፤ ጠብታ ሲደጋገምበት ያብጣል፣ ካበጠም አይመለስም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ለወንዝ ብቻ አይደለም።

በሁለተኛው ሳምንት የቡፌው በር አልገጥም አለ። ውሃው በአንድ ወገን ከአፉ ሊደርስ ጥቂት ቀረው፤ በሌላው ወገን ሁለት ጣት ጎደለ። ገንዳ ሲያዘነብል ወይም ከሥሩ አንድ ማዕዘን ድጋፍ ሲያጣ ጫናው መስታወቱን ሊሰነጥቀው፣ ማጣበቂያውንም ሊከፍተው ይችላል። ይህን አውቀን ዝም አልን። ለምን? ይሉኝታ ነው እንበል። ደግሞም የዚያን ወር ኪራይ አልከፈልንም ነበር። ልጁ ሲደውል እማማ ስልኩን ወደ ገንዳው አዙረው «ይኸው፣ አንተ በላክልኝ ቡፌ ላይ!» ሲሉት እኛ ከኋላ ቆመን ፈገግ እንል ነበር።

አንድ ምሽት ቡፌው «ቋ» አለ። ያኔ ተናገርን።

«መቼ ነው ያወቃችሁት?» አሉን።

«በመጀመሪያው ማታ።»

«እና ዝም አላችሁ? ልጆቼ፣ አደራውንም ስጦታውንም ባንድ ላይ ልትሰብሩብኝ?»

መልስ አልነበረንም።

በማግስቱ ጎረቤት ያሉ ግንበኛ መጡ። ዓሦቹን ባልዲ ውስጥ አኖርን፤ ገንዳውን አጎደልን፤ አወረድን። ሰውየው መስኮቱ ሥር አይሆንም አሉ፤ ፀሐይ ካገኘው ውሃው አረንጓዴ ይለብሳል። ጥግ ላይ ብሎኬት ሦስት ሦስት አድርገው በሁለት ረድፍ ደረደሩ። ከላይ ከገንዳው ሰፋ የሚል ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ አጋደሙ። ውሃ ልካቸውን አስቀመጡ፤ አረፋዋ ወደ ግራ ሸሸች። ስስ ስፖንጅ እናንጥፍበት ብንላቸው «ስፖንጅ ለትንሽ ጉርብጥብጥ ነው፤ የተንጋደደ አያቃናም» አሉና በዝቅተኛው ወገን ሽብልቅ አስገቡ። አረፋዋ መሐል ቆመች። ስፖንጁ ከዚያ በኋላ ተነጠፈ። ገንዳውን እስከ ግማሽ ሞልተን እንደገና ለኩ፤ ከዚያ ሞላነው።

እማማ ብሎኬቱን በጥልፍ ጨርቅ ሸፈኑት። ልጁ ሲደውል ዛሬም ዓሦቹን ያሳዩታል፤ ጨርቁንም ገለጥ አድርገው «ከሥር ብሎኬት ነው» ይሉታል።

የቡፌው በር ግን እስካሁን አይገጥምም። አላስጠገኑትም። ኪራይ ልንሰጥ በገባን ቁጥር ፊት ለፊታችን ነው።