ደረሰኝ የሌለው ክፍያ

በባንክ መስኮት ጀርባ በቆየሁባቸው ዓመታት አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ሰው ገንዘቡን ሲያስረክብ ልቡ ያለው ገንዘቡ ላይ ሳይሆን ደረሰኙ ላይ ነው። ማኅተም ያረፈባትን ቁራጭ ወረቀት እስኪቀበል ድረስ ከፊቴ አይነቃነቅም። እናቴ ግን በ2004 ዓ.ም. ሦስት ወር ሙሉ ያለ ደረሰኝ ከፈለች።

በጡቷ ውስጥ የተገኘው እብጠት ካንሰር መሆኑ ከተነገረን በኋላ፣ በየ21 ቀኑ ከሐረር አዲስ አበባ መመላለስ ጀመርን። መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኔ ገና አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩና ፈቃድ የምጠይቀው አንገቴን ደፍቼ ነበር። በደም ሥሯ የሚገባው መድኃኒት ዶክሶሩቢሲን ይባላል፤ መልኩ ቀይ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች በኋላ ፀጉሯ ረገፈ፤ የእንጀራ ሽታ እንኳ ያስመልሳት ጀመር። በአውቶቡሱ መስኮት ውጭ ውጭውን እያየች፣ «ልጄ፣ እየሠራልኝ ይሆን?» ትለኛለች። መልስ አልነበረኝም። ሐኪሙም ቢሆን እብጠቱ መጉደል አለመጉደሉን የሚያውቀው ከጥቂት ዙሮች በኋላ ለክቶ ነበር።

ከአራተኛው ዙር በኋላ ተለካ። አልጎደለም። መድኃኒቱ እንዲቀየር ተወሰነ። እናቴ ሻሿን እያስተካከለች፣ «እንግዲያው ፀጉሬን በነጻ ነዋ የሰጠሁት!» አለች። ቀልዷ ነበር፤ የሳቀ ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ያች የአውቶቡስ ጥያቄ አልለቀቀችኝም። የግጥም ሰው ነኝ፤ ሳይንስ ሙያዬ አይደለም። ቢሆንም ማታ ማታ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ማንበብ ልማድ ሆነብኝ። ያገኘሁት መልስ ደግሞ ያልጠበቅሁት ቦታ፣ ስብ ውስጥ፣ ነበር።

እያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ የታጠረው በስብ ነው። ለሐረር ሰው ይህ ለመረዳት አይከብድም። የእኛም ከተማ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአሚር ኑር ዘመን፣ በጀጎል ግንብ ታጥራለች፤ የሚገባውና የሚወጣው በሸዋ በር፣ በቡዳ በር፣ በሰንጋ በር፣ በኤረር በርና በፈላና በር ነበር። የሕዋስ ግንብ ሁለት ንብርብር አለው። ፎስፋቲዳይልሴሪን የሚባል የስብ ዓይነት ሕዋሱ ጤነኛ ሳለ በውስጠኛው ንብርብር ተደብቆ ይኖራል። ሕዋሱ መሞት ሲጀምር ግን ወደ ውጭኛው ገጽ ይገለበጣል። በ1992 እ.ኤ.አ. ቫለሪ ፋዶክና ባልደረቦቿ፣ ማክሮፌጅ የተባሉት የሰውነታችን አጽጂ ሕዋሳት ይህን ምልክት ለይተው ሟቹን ሕዋስ እንደሚውጡት አሳዩ። ይህን ሳነብ፣ ሌሊት በጀጎል ግንብ ሥር ባሉ ቀዳዳዎች ሾልከው ገብተው ትርፍራፊውን የሚያጸዱልን ጅቦች ትዝ አሉኝ።

ለዚህ ሥርዓት ላለው ሞት በ1972 እ.ኤ.አ. ሦስት ተመራማሪዎች «አፖፕቶሲስ» የሚል ስም አወጡለት። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ የቅጠል መርገፍ ማለት ነው። ብዙዎቹ የካንሰር መድኃኒቶች የሚደክሙት ይህን ቅጠል ለማርገፍ ነው። የእናቴ ፀጉር ሲረግፍ ሁላችንም አይተናል፤ መርገፍ የነበረበት ሌላው ግን ከዓይናችን የተሰወረ ነበር።

የተሰወረውን ለማየት የደከሙ አሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. የፊንላንድ ተመራማሪዎች የአንጎል ዕጢ ያለባቸውን አይጦች ሲያክሙ፣ ሕዋሳቱ እየሞቱ ሲሄዱ በዕጢው ውስጥ ስብ ሲጠራቀም በማግኔት መሣሪያ ተመለከቱ። ቢላዋ ሳይነካው፣ ከውጭ ሆኖ የሚነበብ ምልክት ማለት ነው። እብጠቱ እስኪጎድል ሳይጠበቅ መድኃኒቱ ሥራውን መጀመሩን የሚናገር ደረሰኝ!

ነገር ግን ደረሰኝ ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ ይህን የባንክ ሠራተኛ ያውቃል። አንዳንድ የካንሰር ሕዋሳት የስብ ጠብታ የሚያከማቹት ሊሞቱ ሳይሆን መድኃኒቱን ሊቋቋሙበት ነው። ስብ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅም ነውና። ስለዚህ ይህ ንባብ ዛሬም በአብዛኛው የተመራማሪዎች ነው፤ በሽተኛው እንደ እናቴ እብጠቱ እስኪለካ ይጠብቃል።

ሁለተኛው መድኃኒት ሠራላት። እብጠቱ ጎደለ፤ ፀጉሯም ነጭ ሆኖ በቀለ። ከዚያ በኋላ ዓመት ከአራት ወር አብራን ኖረች። ይህን ዕድሜ የሰጣትን መድኃኒት አመሰግናለሁ፤ በከንቱ ያለፉትን ሦስት ወራት ግን እስካሁን ከሒሳቡ አልሰረዝኳቸውም። እርሷም «እየሠራልኝ ይሆን?» ማለቷን እስከ መጨረሻው አልተወችም።

ዛሬ በከተማችን የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ይሰጣል። መንገዱ አጥሯል፤ ጥያቄው ግን እዚያው ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ቁጠባቸውን ሊያወጡ ወደ መስኮቴ መጡ። ከሻሻቸው ሥር ፀጉር አልነበረም። ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩላቸው። ስለ ቅጠሉ ልነግራቸው ከጅሎኝ ነበር፤ ሰልፉ ረጅም ነበርና ተውኩት። ማኅተም አድርጌ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። እርሳቸውም በጥንቃቄ አጥፈው ከመቀነታቸው ቋጠሩት።