ምግብ በየት በር ይግባ

የዋግ ኽምራ ደጋ የረኃብን ነገር ከመጽሐፍ ሳይኾን ከአጥንቱ ያወቀ አገር ነው። የ1977 ዓ.ም. መከራ ገና ከአእምሮ አልጠፋም። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከኹለት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ከመቀንጨር ለማዳን የገባውን ቃል በሰቆጣ ስም መጥራቱም ያለ ነገር አይደለም።

በአገራችን ብዙ እናት የከሳ ልጇን ታቅፋ ሐኪም ቤት ስትደርስ አስቀድማ የምትለምነው ግሉኮስ ነው፤ በደም ሥር የሚወርደው ከወተት ይልቅ ኃይል ያለው ይመስላታልና። ሐኪሙ ግን ይከለክላታል። በረኃብ የደከመ ልብ ውኃ ሲበዛበት ይዝላል፤ ስለዚህ የደም ሥር በር የሚከፈተው የደሙ ዝውውር ለወደቀበት ሕፃን ነው። መዋጥ ላቃተው በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ ገብቶ ኤፍ 75 የሚባለው ወተት በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሆዱ ይወርድለታል።

የደም ሥር በር ክፉ ነው ማለት አይደለም። አንጀቱ ሥራውን ለተወ ሰው ሌላ በር የለውም። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1968 በፊላዴልፊያ ዱድሪክና ባልንጀሮቹ አንዲትን ሕፃን በደም ሥር ብቻ መግበው ማሳደጋቸውን ገለጡ። በ1973 ደግሞ ብሮቪያክና ባልደረቦቹ በቆዳ ሥር ተስቦ ልብ አጠገብ የሚደርስ ቱቦ አወጡ፤ ሕመምተኛውም በቤቱ መመገብ ቻለ። ለረጅም ዘመን እንዲህ ያለው ቱቦ ይመረጣል፤ ቀዳዳውም አንድ ቢኾን ይሻላል፤ በር በበዛ መጠን ሌባ ይበዛልና። ምግቡ መውረድ ሲጀምር ብርድ ብርድ ቢለውና ቢያተኵሰው ቱቦው ይጠረጠራል። ነገር ግን የሕይወቱን ገመድ በጥርጣሬ ብቻ አይነቅሉበትም። ደም በአንድ ጊዜ ከቱቦውና ከክንዱ ይቀዳል፤ የቱቦው ደም ተሕዋስያኑን ከክንዱ ኹለት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ያበቀለ እንደ ኾነ፣ የበሽታው ምንጭ ቱቦው ነው።

በከሳው ሕፃን ግን ምልክቱ ይገለበጣል። ረኃብ የገላውን ጦር ስለ ፈታው፣ ተሕዋሲ ቢገባበት ላያተኵሰው ይችላል፤ ይልቁንም ይቀዘቅዛል። የብብቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሐኪሞች በሽታ ገብቶበታል ብለው ይቈጥራሉ፤ ትኵሳት ሳይጠብቁም ፀረ ተሕዋሲ መድኃኒት ይሰጡታል፤ በእናቱ ገላ አስጠግተው ያሞቁታል፤ ወተቱንም ሌሊት አያስታጕሉበትም።

በቅኔ ቤት ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሚኼድ ተማሪ ወርቁ ያመልጠዋል። የሕፃኑ ጸጥታም ሰም ነው፤ «ተኛልኝ» ብላ የምትደሰት እናት ወርቁን አላየችም። በዚያ ደጋ ከሐኪም አስቀድሞ የሚጠየቀው የንስሓ አባት ነውና፣ «ግሉኮስ ይደረግለት» ከማለት ይልቅ «እጁንና እግሩን ዳሰሽው ወይ? ቀዝቅዟል ወይ? እንግዲያስ ሳይመሽ ተነሺ» ቢላት፣ ያቺ አንዲት ቃል የልጁን ነፍስ ታተርፋለች።