የጨፋው ተማሪና የክረምቱ ማመልከቻ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን ካለፈ በኋላ ከሚሴ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ የጨፋ ሸለቆ ተዘርግቶ ይታያል፤ የቦርከና ወንዝም በውስጡ እየተጠማዘዘ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በበጋ ወራት ሌላው አገር በደረቀ ጊዜ ረግረጉ ሣር ስለማያጣ፥ የአፋርና የኦሮሞ ከብት አርቢዎች ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደዚህ ይሰበሰባሉ። በዚህ ሸለቆ ተወልዶ ፊዚክስን በዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፥ በታኅሣሥ ወር ማመልከቻ ይጽፍ ጀመር።

ማመልከቻው በኤውሮፓና በአሜሪካ ለተማሪዎች ስለሚደረገው የክረምት የምርምር ሥራ ነበር። በእነዚያ አገሮች ገና የመጀመሪያ ዲግሪውን ያልጨረሰ ተማሪ ሁለት ወይም ሦስት ወር ከሊቃውንት ጋር እንዲሠራ ይደረጋል፤ የሚኖርበትም ገንዘብ ይሰጠዋል። ወጣቱ አስቀድሞ የአሜሪካኖቹን ስም በደብተሩ ላይ ደርድሮ ነበር። ሕጋቸውን ሲያነብ ግን የአሜሪካ መንግሥት የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚሰጥባቸው ሁሉ ለአገሩ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ የተፈቀዱ ሆነው ስላገኛቸው፥ አንድ በአንድ ሰረዛቸው። ይህን ያህል ቀን ስም መልቀሙ ከንቱ ሆነበት፤ ደግሞም የገዛ ገንዘባቸው ነውና የሚወቀሱበት አይደለም።

ከቀሩት አንዱ በጄኔቫ ከተማ አጠገብ ያለው ሰርን የተባለው ድርጅት ነው። ይህ በፈረንጆች ዘመን በ1954 የተቋቋመ ሲሆን፥ ከመሬት በታች ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ መሣሪያ አለው፤ ይኸውም ከከሚሴ እስከ ኮምቦልቻ ካለው መንገድ ግማሹን ያህላል። የሂግስ ቅንጣት መገኘቱ የተነገረውም ከዚያው በሰኔ 27 ቀን 2004 ዓ. ም. ነው። ድርጅቱ በየዓመቱ ተማሪዎችን በክረምት ይቀበላል፤ የአባል አገሮች ልጆች ያልሆኑትንም አይከለክልም። ሦስት ዓመት የተማረ መሆን፥ የትምህርት ውጤትና የመምህራን ምስክርነት ማቅረብ ያስፈልጋል።

አንባቢ እንደሚያውቀው የእነርሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው። በጄኔቫ ተማሪው ነጻ በሚሆንበት ወራት፥ በጨፋ የማሽላ አረምና የጤፍ ዘር አለ። አባቱ የሚተማመኑት በዚህ ልጅ ነበረና፥ ነገሩን ሲነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው፥ «የእነርሱ ትምህርት ቤት በበጋ አይከፈትምን?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ለአንድ ቤት የአንድ ክረምት ጉልበት ማለት የዓመት እህል ማለት ነው። አባትየው በመጨረሻ፥ «እንግዲህ ጻፍ፤ ልጄ፤ እኔ ከጎረቤት ጋር ተጋግዤ እወጣዋለሁ» አሉት።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ያማረ ነበር ለማለት አይቻልም። ስለ ዓለም አፈጣጠር፥ ስለ ጨለማው ቁስ፥ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ ነበረው ጽኑ ፍቅር በትልልቅ ቃል ሞልቶታል። ምስክርነት እንዲጽፍለት የለመነው መምህር ካነበበ በኋላ፥ «ስለ ሂግስ ቅንጣት ከእነርሱ በላይ ልትነግራቸው አትችልም። አንተ ራስህ ያየኸው ምን ነገር አለ?» አለው።

የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ጦርነት ያለፈበት ስለሆነ፥ የቤተ ሙከራው ዕቃ እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ያለ ዕቃም ፊዚክስ ተምሮ ማስተማር እንደሚቻል በአገራችን ምስክር አለ። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ለብዙ ዓመታት ታስረው ሳሉ እስረኞችን ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር፤ በፈረንጆች ዘመን በ2012 የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በሳካሮቭ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ሰጣቸው። መምህሩ ይህን የሚያነሣው ተማሪ ዕቃ የለም ብሎ ሲያማርር ነው።

ወጣቱም ያየውን አሰበ። በኅዳር ማለዳ ከየቤቱ የሚወጣው ጭስ ጥቂት ወደ ላይ ይነሣና እንደ ጣራ ተዘርግቶ ሸለቆውን ይሸፍናል፤ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ግን ይበተናል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ሰማዩ በጠራ ሌሊት ምድር ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች፤ በእርሷ አጠገብ ያለው አየርም ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው ይከብዳልና ከተረተሩ ወደ ቆላው ይንሸራተታል፤ ሞቃቱ አየር በላዩ ሆኖ እንደ ክዳን ይይዘዋል። ወጣቱ ይህን በመጽሐፍ ሳያነብ፥ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ፥ የተዋሰውን ቴርሞሜትር ይዞ በረግረጉ ዳርና በኮረብታው ላይ ለክቶ ነበር። በብዙዎቹ ማለዳዎች ታችኛው ከላይኛው ቀዝቅዞ አገኘው።

ሁለተኛው ደብዳቤ ይህን ያዘ። ዳሩ ግን አንድ ነገር አስጨነቀው። ቴርሞሜትሩ አንድ ብቻ ስለ ነበረ፥ ከታች ለክቶ ኮረብታውን እስኪወጣ ጊዜ ያልፋል፤ በዚያም ጊዜ ፀሐይ ትወጣለች። ስለዚህ የላይኛው ሙቀት ከከፍታው ይሁን ከሰዓቱ ለይቶ መናገር አይቻልም። ይህን ጉድለት ቢጽፈው የሚጣል፥ ቢደብቀው የሚዋሽ መሰለው። ሁለት ቀን አመንትቶ ጻፈው። መምህሩም በዚያ ዓረፍተ ነገር ሥር በእርሳስ መስመር አስምሮ፥ «ከሁሉ የሚበልጠው ይኸ ነው» አለው፤ የቀረውንም ግማሽ አስቆረጠው።

ማመልከቻው በጥር ከመዘጋቱ በፊት ባለው ምሽት በከሚሴ መብራት ጠፋ። ወጣቱ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ሆኖ ሞተሩ እስኪነሣ ጠበቀ፤ ሌሊት አምስት ሰዓት ሲሆን ላከው።

መልሱ በሚያዝያ መጣ፤ በትሕትና የተጻፈ የእምቢታ ቃል ነበር። አባቱ ሲሰሙ አዝነው፥ «እንግዲያስ ለአረሙ አለህ» አሉት። «አለሁ» አላቸው።

በሐምሌና በነሐሴ ማሽላውን ሲያርም ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን፥ ሌሊቱም ምድሪቱን ስለማያቀዘቅዛት፥ የጭሱ ጣራ አልታየም። በጥቅምት ሰማዩ ጠራ። ወጣቱም ሁለተኛ ቴርሞሜትር ገዛ፤ ታናሽ ወንድሙን ሰዓት አስይዞ በረግረጉ ዳር አቆመውና እርሱ በሌሊት ወደ ኮረብታው ወጣ።