የቅዳሜ ሩጫችን

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ድል ያደረገበት ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። እኛ ሦስት ባልንጀሮች ገና እኩሌታውን እንኳ አልደፈርነውም። ቅዳሜ ማለዳ ከስድስት ኪሎ ተነሥተን በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ እንወጣለን። ዳገቱ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ባሕር ዛፉ ዘንድ ስንደርስ ወሬያችን ይቋረጣል። አንድ ቀን እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናት፣ «ልጆቼ፣ ማን አባረራችሁ?» ቢሉን በሣቅ ብዛት ትንፋሻችን አለቀ።

ከመካከላችን አንዱ ግን ዘወትር ኋላ መቅረት አሳፍሮት፣ «ከእንግዲህ አትጠብቁኝ» ብሎ ቀረ። ሁለት ቅዳሜ ያለ እርሱ ሮጥን፤ ፈጠንን፤ ነገር ግን የሚያሥቅ አልነበረም። በሦስተኛው ከደጁ ቆመን ጠራነው። አሁን ዳገቱን እርሱ ይመራል፤ እኛም በእርሱ እርምጃ እንከተላለን። ቁልቁለቱ ላይ ግን፣ ጉልበት የሚታመመውም በዚያ ነው፣ ማንንም አይጠብቅም።